ጆን ፎን ኖይማን

ጆን ፎን ኖይማን (በሀንጋርኛ ኖይማን ያኖሽ ላዮሽ፤ ታኅሣሥ 18 ቀን 1896 ዓ.ም. – የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1903 – ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957) ትውልደ ሀንጋሪ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው በኮምፒውተር አወቃቀርና በአቶሚክ ቦምብ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች በምን ምክንያት እንደሚተባበሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመርና የጋራ ትርፍ እንዴት እንደሚከፋፈል በሒሳብ የሚያጠናው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ክፍልም መሠረቱ የእሱ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፎን ኖይማን በቡዳፔስት ከተማ ከሀብታም የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሚክሻ የባንክ ባለሙያ ነበር፤ እናቱ ማርጊት ካን ትባላለች። በ1913 አባቱ የመኳንንት ማዕረግ ስለተሰጠው ልጁ ኋላ በጀርመን አገር ሲሠራ በስሙ ላይ ፎን የሚለውን ቃል ጨመረ። በ1919 የቤላ ኩን ኮሚኒስት መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ቤተሰቡ ወደ ኦስትሪያ ሸሸ። ያ መንግሥት 133 ቀን ብቻ ቆይቶ ወደቀ፤ የተካው አገዛዝ ግን በአይሁዳውያን ላይ ፊቱን አዞረ፤ በ1920 ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር የሚገድብ ሕግ ወጣ።

አባቱ ሒሳብ እንጀራ አይሆንም የሚል ስጋት ስለነበረው ልጁ በበርሊን፣ ቀጥሎም በዙሪክ ኬሚስትሪ ተማረ። በዚያው ጊዜ በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ለፈተና ብቻ ነበር። በ1926 ከዙሪክ የኬሚካል ምሕንድስና ዲፕሎማ፣ ከቡዳፔስት ደግሞ በሒሳብ ዶክትሬት አገኘ። ከዚያም በጎቲንገን ከዳቪድ ሂልበርት ጋር ሠራ።

የ1928ቱ ጽሑፍ

በታኅሣሥ 1926 ለጎቲንገን የሒሳብ ማኅበር ያቀረበው ሐሳብ በ1928 በጀርመንኛ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሰዎች ብቻ በሚጫወቱትና አንዱ ያገኘው ሌላው ካጣው ጋር እኩል በሚሆንበት ጨዋታ ላይ ዝነኛውን የሚኒማክስ እርግጥ አረጋገጠ። ተጫዋቾቹ ምርጫቸውን በዕጣ እያደባለቁ መወሰን ከቻሉ አንደኛው ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ ዋስትናና ሌላኛው ሊገድበው የሚችለው ትንሹ ኪሳራ አንድ ቁጥር ላይ ይገናኛሉ። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦሬል ተመሳሳይ ጥያቄ ቀደም ብሎ አንሥቶ ነበር፤ ጠቅላላውን ማረጋገጫ የሰጠው ግን ፎን ኖይማን ነው።

ብዙ መማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጽሑፉ ግን አልፎ ሦስት ተጫዋቾች ያሉበትን ጨዋታም ይመረምራል፤ ሦስተኛው ሰው ሲገባ የጥያቄው ዓይነት ይለወጣል። ዋናው ነገር እንዴት ልጫወት መሆኑ ይቀርና ከማን ጋር ልወግን ይሆናል።

ከሞርገንሽተርን ጋር

ፎን ኖይማን በ1930 ወደ አሜሪካ ፕሪንስተን ሄደ፤ በ1933 እዚያው በተቋቋመው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ከአልበርት አይንሽታይን ጋር ከመጀመሪያዎቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ ሆነ። በ1937 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። በ1930 ካገባት ማሪየት ኮቨሺ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ከእርሷ ጋር ከተለያየ በኋላ በ1938 ክላራ ዳንን አገባ።

በዚያው በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የቪየናው ምጣኔ ሀብት ምሁር ኦስካር ሞርገንሽተርን ለጉብኝት አሜሪካ ነበር፤ ከሥራው ስለተባረረ በፕሪንስተን ቀረ። ሁለቱ እዚያ ተገናኙ። ሞርገንሽተርን ስለ ጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ለምጣኔ ሀብት ሰዎች የሚሆን ጽሑፍ ማዘጋጀት ሲጀምር ፎን ኖይማን አነበበውና አብሮት ለመጻፍ ተስማማ፤ አጭር ይሆናል የተባለው ጽሑፍም ከ600 ገጽ በላይ ሆነ። ክላራ በሥራው መርዘም ተሰላችታ ዝሆን ካልገባበት በቀር ስለ መጽሐፉ መስማት አልፈልግም ብላ ነበርና በአንዱ የስብስቦች ሥዕል ውስጥ የዝሆን ቅርጽ ተደብቋል። «የጨዋታዎች ንድፈ ሐሳብና የኢኮኖሚ ባሕርይ» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1944 ታተመ፤ በ1946 ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ዘገበው።

የጥምረት ጥያቄ

ከመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል ስለ ጥምረት ነው። መነሻው ለእያንዳንዱ ጥምረት አንድ ቁጥር መስጠት ነው፤ ቁጥሩ አባላቱ ተባብረው፣ ሌሎቹ ሁሉ ቢቃወሟቸው እንኳ፣ በእርግጠኝነት የሚያገኙት መጠን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ድልድል ነው።

ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። ሀ፣ ለ እና ሐ 100 ብር ቀርቦላቸዋል፤ ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ ከተስማሙ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ሀ እና ለ 50፣ 50 ሊካፈሉ ተስማሙ እንበል። ባዶ እጁን የቀረው ሐ ወደ ለ ሄዶ 60 ውሰድ፣ ለእኔ 40 ይበቃኛል ይለዋል። ለ ከተስማማ አሁን የተባረረው ሀ ነው፤ እሱም ወደ ሐ ሄዶ እኩል እንካፈል ይለዋል፤ ሐም ከ40 ይልቅ 50 ይመርጣል። አሁን ደግሞ ለ ባዶውን ቀረ። የትኛውም ድልድል ቢቀርብ ሁለት ሰዎች ተጣምረው የሚያፈርሱበት መንገድ አለ፤ ውሉ ማለቂያ የለውም።

የፎን ኖይማንና የሞርገንሽተርን መልስ አንድ ድልድል መፈለግን ትቶ የድልድሎች ስብስብ መፈለግ ነበር። ይህ በኋላ የረጋ ስብስብ የተባለው ሲሆን ሁለት ሁኔታዎችን ማሟላት አለበት፤ በስብስቡ ውስጥ ያለ አንዱ ድልድል ሌላውን አያፈርስም፤ ከስብስቡ ውጭ ያለውን ማንኛውንም ድልድል ግን በውስጥ ያለ አንድ ድልድል ያፈርሰዋል። በምሳሌው ላይ ሁለት ሰዎች 50፣ 50 ተካፍለው ሦስተኛው ባዶ የሚቀርባቸው ሦስት ድልድሎች አብረው የረጋ ስብስብ ይሆናሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ በሆነ በማንኛውም ድልድል ቢያንስ ሁለት ሰዎች ከ50 በታች ይደርሳቸዋል፤ ሁለቱ ተገናኝተው እኩል ቢካፈሉ ይሻላቸዋል። ሐ ለ ለ ያቀረበው የ60 ብር ማባበያ ለጊዜው ቢያጓጓም እሱ ራሱ የሚፈርስ ስለሆነ ለ ሊተማመንበት አይገባም።

ንድፈ ሐሳቡ የትኛው ጥምረት እንደሚመሠረት አይናገርም። ከዚህም በላይ ለዚያው ጨዋታ ሌሎች የረጉ ስብስቦች አሉ። ለምሳሌ ለሐ ሁልጊዜ 10 ብር ተሰጥቶት ሀ እና ለ ቀሪውን 90 እንደፈለጉ የሚደራደሩበት ስብስብም ሁለቱን ሁኔታዎች ያሟላል። እዚህ ሐ በአቅም ከሌሎቹ አያንስም፤ የጨዋታው ሕግ ለሦስቱም እኩል ነው። ከድርድሩ የተገለለው በልማድ ብቻ ነው። ደራሲዎቹ እያንዳንዱን የረጋ ስብስብ እንደ አንድ ማኅበረሰብ የጸና የአኗኗር ሥርዓት ተረዱት፤ በአንድ ዓይነት ሕግ ሥር ብዙ ሥርዓቶች ሊጸኑ ይችላሉ፤ አድልዎ ያለበትም ጭምር። የመልሱ መብዛት እንደ ጉድለት የሚነቀፍበት ጊዜ አለ፤ የመጽሐፉ ጥልቅ ሐሳብ ግን ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ፎን ኖይማን በ1940 አካባቢ ወደዚህ ጥያቄ የተመለሰበትን ምክንያት በዚያ ዘመን አውሮፓ ከነበረው የአይሁዳውያን ዕጣ ጋር ያያይዙታል።

ጦርነቱና ኮምፒውተር

ከ1943 ጀምሮ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ አማካሪ ነበር፤ በናጋሳኪ የተጣለውን ዓይነት ቦምብ ወደ ውስጥ የሚጨምቀውን ፍንዳታ በማስላት ትልቅ ድርሻ አለው። በ1945 ስለ ኤድቫክ ኮምፒውተር ያዘጋጀው ረቂቅ ዘገባ ትእዛዝና መረጃ በአንድ ማኅደር የሚቀመጡበትን አሠራር ገለጸ፤ ዛሬም የፎን ኖይማን አወቃቀር ይባላል። ዘገባው የእሱን ስም ብቻ ይዞ ስለወጣ መሣሪያውን የነደፉት ኤከርትና ሞክሊ ቅር ተሰኝተው ነበር። የጋራ ሥራ ትርፍ እንዴት እንደሚከፋፈል ብዙ ገጽ ለጻፈ ሰው የማይመች ነቀፋ ነው።

ዕረፍቱና ከእሱ በኋላ

በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ካንሰር ተገኘበት። በዋሽንግተን በዋልተር ሪድ ሆስፒታል በ53 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረው በፕሪንስተን ነው።

በሕይወት ሳለ ወጣቶቹ ሌሎች መንገዶች ጀምረው ነበር። ጆን ናሽ ተጫዋቾች የሚያስገድድ ውል የማይገቡበትን ጨዋታ አጠና፤ ይህ መንገድ ኋላ በምጣኔ ሀብት ይበልጥ ገነነ። ሎይድ ሻፕሊ በ1953 ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁርጥ ያለ ድርሻ የሚሰጥ ቀመር አወጣ፤ በላይኛው ምሳሌ ለሦስቱም 33 ብር ከሲሶ ይደርሳቸዋል። ሻፕሊና ማርቲን ሹቢክ በ1954 ይህንኑ ቀመር ያን ጊዜ 11 አባላት በነበሩት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ላይ ሲሞክሩት አምስቱ ቋሚ አባላት ከድምፅ ኃይሉ ከ98 በመቶ በላይ እንደያዙ ታየ።

ፎን ኖይማንና ሞርገንሽተርን አንድ ጥያቄ ክፍት ትተው ነበር፤ እያንዳንዱ የትብብር ጨዋታ ቢያንስ አንድ የረጋ ስብስብ ይኖረዋልን? ለአንድ ጨዋታ እንኳ ባይኖር ንድፈ ሐሳቡ ከመሠረቱ መለወጥ እንዳለበት በመጽሐፋቸው ገልጸዋል። የሒሳብ ሰዎች ጨዋታዎችን አንድ በአንድ እየፈተሹ መልሱ አዎን መሆኑን ሲጠብቁ ቆዩ። በ1968 ዊልያም ሉካስ ምንም የረጋ ስብስብ የሌለው ባለ 10 ተጫዋች ጨዋታ አሳተመ። ፎን ኖይማን ከሞተ 11 ዓመት ሆኖት ነበር።