ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ

ግንቦት 11 ቀን የሚታሰበው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሞት ስለ ተለየው እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርት አልገባ ቢለው መምህሩ ይገርፉት ነበር። አንድ ቀን ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ፣ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ፍሬውን ሲበላ ተመለከተ፤ ተጸጽቶም ተመለሰ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ ሦስት አዕዋፍ ወደ ሰማይ ነጥቀው የካህናተ ሰማይን ዜማ ካሰሙት በኋላ፣ በአክሱም ጽዮን ቆሞ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን አሰማ። ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ቢተክለው፣ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ሹመት ሳይሻ ወደ ስሜን ተራሮች መንኖ ለመሄድ ለመነ። እንዲህ ያለውን ባለ ዜማ ማሰናበት ለንጉሡ ቀላል እንዳልነበረ እንገምታለን።

ዜማው ግን ከእርሱ ጋር አልመነነም። በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓው፣ ከቍርባን በኋላ ዝማሬው፣ በፍትሐት መዋሥዕቱ ሲሰማ፣ ግዕዙን የማያውቅ ምእመን እንኳ ወቅቱን በዜማው ይለያል። ይበልጥ የሚያስደንቀን፣ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የተሟላ ምልክት ሳይደራጅለት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ መኖሩ ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዛሬ በድጓው ፊደላት አናት ላይ የምናየውን ምልክት ያደራጁት በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ድጓን የሚያስመሰክር ተማሪ ግን ዛሬም ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ምልክቱን ቢያውቅም ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል።