ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአጥቂነት ወደ አሰልጣኝነት፣ ከሜዳ ወደ ጉባኤ

ደብረ ብርሃን፦ የሰሜን ሸዋዋ ምንጃር ስትነሳ ብዙዎች ቀድመው የሚያስታውሱት ጤፏን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም የዚህች ምድር ልጅ ናቸው። አባት በግጥምና በዜማ ሲታወሱ፣ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ስማቸውን ከፊት ረድፍ አስጽፈዋል።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። የኳስ ፍቅራቸው በ1928 ዓ.ም ከተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር አገናኛቸው። ክለቡ ገና እግሩን ሳይተክል አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ወደቀች። ወራሪው በስፖርቱም ዘርን ከዘር ለየ፤ የሀገሬው ሰው ውድድር ከነጮቹ ተነጥሎ እንዲካሄድ ሆነ። ይድነቃቸው የጉርምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ አድልዎ ሥር ነበር።

ከነፃነት በኋላ የጊዮርጊስ አጥቂ ሆነው ለረጅም ዓመታት ተጫወቱ፤ በብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። ከዚሁ ጎን ለጎን የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን በጸሐፊነት እያገለገሉ ለሀገሪቱ ስፖርት መሠረት ጣሉ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ መካከል ተገኙ። መሥራች ሀገራቱ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ አልሆነችም። አራት አባላት ብቻ ላሉት ጨቅላ ማኅበር አንዱን ማጣት ከባድ ኪሳራ ነው። ቢሆንም ሦስቱ ሀገራት ከቁጥር ይልቅ መርህን መረጡ። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተረታች።

የሽንፈቱ ካሳ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ የጥምቀት ማግስት ገና ሳይበርድ፣ ይድነቃቸው ያሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ሁለቱን ቀዳሚ ዋንጫዎች ከወሰደችው ግብጽ ጋር ለፍጻሜ ተፋጠጠ። ግብጾች ቀድመው አገቡ፤ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ወዲያው ዳግም መሩ፤ መደበኛው ሰዓት ሊጠናቀቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው በማስቆጠር ጨዋታውን 4 ለ 2 ደመደሙት። አምበሉ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

አሰልጣኙ ከዚያ ወዲያ ትግላቸውን ወደ ጉባኤ አዳራሽ አዞሩ። በ1958 ዓ.ም ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ባለመሰጠቱ ሀገራቱ ከማጣሪያው ራሳቸውን ሲያገልሉ፣ ይድነቃቸው ለአህጉሪቱ መብት ከተሟገቱት አንዱ ነበሩ። አድማው ፍሬ አፍርቶ በ1962 ዓ.ም በሜክሲኮ አንድ ቦታ ተረጋገጠ። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ በእርሳቸው ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም በስፔን፣ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ደረሰ። በ1968 ዓ.ም ደግሞ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከአባልነት አባረረ።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ነበሩ። የአፓርታይድን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። እርሳቸው ባረፉ በዘጠነኛው ዓመት፣ በ1988 ዓ.ም፣ ነጭና ጥቁር ያሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ቡድን በገዛ ሜዳው፣ ኔልሰን ማንዴላ እየተመለከቱ፣ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። በካርቱም የተዘጋው በር የተከፈተው ያኔ የተጠየቀው ሲሟላ ነበር። ለሀገራቸው ያመጡት የ1954ቱ ዋንጫ ግን ዛሬም ሁለተኛ አላገኘም።