ሂጃም አንጋንጋል፤ የፍቅርን ታሪክ በመጽሐፍ ያኖረ ባለቅኔ

በህንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፤ ከበርማ ወሰን አጠገብ፤ በተራራ የተከበበ ማኒፑር የሚባል አገር አለ። ታላቁ ባለቅኔ ሂጃም አንጋንጋል እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ዓመተ ምሕረት በዚህ አገር ተወለደ። በልጅነቱ ዘመን በተማሪ ቤት የሚነበበው መጽሐፍ በብዛት በቤንጋሊ ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ የሕዝቡ የድሮ ታሪክ ግን በዘፋኞች አፍ ይኖር ነበር። እነዚህ ዘፋኞች የሚጫወቱበት ፔና እንደ እኛ መሰንቆ አንድ ክር ያለው መሣሪያ ነው።

ከዘፈኖቹ ሁሉ እጅግ የተወደደው የካምባና የቶይቢ ፍቅር ነው። ካምባ አባትና እናቱ ሞተውበት እኅቱ ካምኑ በድህነት ያሳደገችው የሞይራንግ ጐበዝ ነው፤ ቶይቢ ደግሞ የንጉሥ ወንድም ልጅ ናት። ኖንግባን የሚባል ባለሥልጣን ቶይቢን ለማግባት ስለ ፈለገ ካምባን ሊያጠፋው ብዙ ደከመ። ካምባ ግን ሰው የፈራውን ኰርማ ያዘ፤ ነብርም ገደለ። ቶይቢም በአባቷ ትእዛዝ ተሰድዳ ሳለች ቃሏን ጠበቀች። በመጨረሻም ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ካምባ የሚስቱን ታማኝነት ለመፈተን በሌሊት እንደ ባዕድ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ቀረበ። እርስዋም ክብሯን የሚደፍር መስሏት በጦር ወጋችው፤ ባሏ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ራሷን ገደለች። ያን ሁሉ መከራ ያሸነፈ ፍቅር በአንዲት ሌሊት ጥርጣሬ ጠፋ።

በ1939 በማኒፑር ሩዝ ወደ ውጭ እየተጫነ የሕዝቡ እህል ስላነሰ ሴቶች በአደባባይ ተነሡ። አንጋንጋል በዚያ ክፉ ዘመን ይህን ታሪክ በግጥም ይጽፍ ነበር። በ1940 የወጣው መጽሐፉ፤ ካምባ ቶይቢ ሼይሬንግ፤ 39,000 ያህል ስንኝ አለው። ጃሄራ በተባለው ልብ ወለዱም የአንድ ሂንዱ ጐልማሳንና የአንዲት ሙስሊም ልጃገረድን ፍቅር ጽፏል።

አንጋንጋል በ1943 ዐረፈ። በተከታዩ ዓመት የጃፓንና የእንግሊዝ ጦር በዚያ ሸለቆ ሲዋጋ፤ የካምባ አገር ሞይራንግ ሳይቀር የጦር ሰፈር ሆነ። መጽሐፉ ግን ኖረ። ቋንቋውም በ1992 በህንድ ሕገ መንግሥት ከተመዘገቡት ቋንቋዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ያልተጻፈ ዘፈን ከዘፋኙ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፤ ሽማግሌዎቻችንና አዝማሪዎቻችን የሚያውቁትን ደብተርና ብዕር ይዘን እንጠይቃቸው።