ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ እውነትን ፍለጋ የተጓዙ መነኵሴ

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በምእመናን ዘንድ የሚታወቁት ከሁሉ በፊት በሰማዕትነታቸው ነው። ስለ ታሰሩበት ሰንሰለትና ስለ ተቀበሉት ግርፋት በየቁምስናው በትምህርተ ክርስቶስ ጊዜ ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። እኛ ግን በዚህ እትም ከሰማዕትነታቸው በፊት የተጓዙትን ረጅም መንገድ መከተል መርጠናል። እኒህ አባት ከተወለዱበት አገር ሳይወጡ ኖረው ቢሆን፣ በኋላ ሕይወታቸውን የሰጡለትን እምነት ባላገኙትም ነበር ብለን እናምናለንና። ዘመናቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

የተወለዱት በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በምትገኘው በዲቦ ነው። ገና ልጅ ሳሉ በሕመም ምክንያት አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ በቀረው ዓይን ግን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ወደ መጻሕፍቱ ዘለቁ። በዚያ ዘመን ትምህርት የሚገኘው በእግር ነበር። ዜማ የሚፈልግ ወደ አንዱ ደብር፣ ቅኔ የሚፈልግ ወደ ሌላው፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚሻ ደግሞ ወደ ጎንደር አኰፋዳውን አንግቦ ይሄዳል። በየመንደሩ ስለ እመቤታችን ስም እየለመነ የሚያድር ተማሪ፣ ከመምህሩ ከሚቀበለው ትምህርት የማያንስ ትሕትና ከመንገዱ ይቀስም ነበር። ዛሬ ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው ሰዓታት በእግር የሚጓዙ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ገብረ ሚካኤል በሃያ አምስት ዓመታቸው ገደማ በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። ከመነኰሱ በኋላ ግን አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው፤ በመጻሕፍት የተጻፈው የምንኵስና ሥርዓትና በዓይናቸው የሚያዩት ኑሮ አልገጥም አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አጉረምርሞ ዝም ይል፣ ወይም ቆቡን ጥሎ ይወጣ ይሆናል። እርሳቸው ግን ፈቃድ ጠይቀው ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መመርመርና አበውን መጠየቅ ጀመሩ። ጉዞው ጎንደር አደረሳቸው። በዚያም ከምንኵስናው የሚከብድ ጥያቄ ገጠማቸው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት በቅባት፣ በሦስት ልደትና በካራ ተከፋፍለው፣ አንዱ ሌላውን እስከማውገዝ ደርሰው ነበር። ጎጃም የሚያስተምረውን ጎንደር ይነቅፋል። የጎጃሙ መነኵሴ ከገዳማቸው ባይወጡ ኖሮ የተማሩት ሁሉ ያለ ጥያቄ እውነት ሆኖ በቀረ ነበር።

ወደ ኢየሩሳሌም ለመውረድና በዚያ የሌሎችን ክርስቲያኖች ትምህርት ለመጠየቅ ተመኙ። ዕድሉ የተገኘው በ1841 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ስለ ቆየች፣ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብጽ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ለመላክ ወሰኑ። መልእክተኞቹንም እንዲመሩ የለመኑት፣ በ1839 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሱትን ጣሊያናዊውን የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸውን ቅዱስ ነበር። እርሳቸውም ከግብጽ በኋላ ወደ ሮም መሻገር እንዲፈቀድ አስማምተው እሺ አሉ። አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ ጋር ተቀላቀሉ።

በካይሮ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ ገና ወጣት የነበረ መነኵሴ መርጠው ሾሙ፤ እርሱም አቡነ ሰላማ ነው። ፓትርያርኩ የሮሙን ጉዞ አልወደዱትም። ስለዚህ ከተጓዦቹ ከፊሉ ተመለሰ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ባሕሩን ተሻገሩ። በኦገስት 1841 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ኢትዮጵያውያኑን በክብር ተቀበሏቸው። ከዚያም በኢየሩሳሌም የጌታን መቃብር ተሳልመው በ1842 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አንዳንዶች የሮም አብያተ ክርስቲያናት ግርማ ልባቸውን እንደ ማረከው አድርገው ይተርካሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ያንን ግርማ ሌሎቹም ተጓዦች አይተውታል፤ አይተውም እንደ ሄዱ የተመለሱ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ቢሆኑ በሮም ሳሉ ካቶሊክ አልሆኑም። ካቶሊካዊውን ካህን መጀመሪያ በጥርጣሬ ዓይን ቢያዩአቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በአንድ መርከብ ለወራት የተሳፈሩ ሰዎች አንዱ ከሌላው ሊሰወር አይችልም። ሕመም፣ ረኃብ፣ የመንገደኛ ጠብ የሰውን እውነተኛ ጠባይ ያወጣዋል። እኒያ የባዕድ አገር ካህን ራሳቸውን የሁሉ አገልጋይ ማድረጋቸውን መነኵሴው በቅርብ አዩ። ወደ ልባቸው የገባው ይህ ነው እንላለን።

ከተመለሱም በኋላ ቢሆን አልቸኰሉም። ያዩትንና የሰሙትን ከመጻሕፍቱ ጋር እያስተያዩ፣ ከሊቃውንት ጋርም እየተከራከሩ ቆዩ፤ በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 1844 ዓ.ም. ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት ፈጠሩ። ሃምሳ ሦስተኛ ዓመታቸው አካባቢ ነበሩ፤ በሊቅነታቸው የታወቁ፣ ሊያጡት የሚችሉት ክብር ያላቸው ሰው ነበሩ። ይህን ስንጽፍ የማንንም እምነት ለመንቀፍ አይደለም። ግዕዙንም፣ ቅዳሴውንም፣ የአባቶቻቸውንም ሥርዓት አልጣሉም። ከዐዲግራት ብዙ ሳይርቅ በምትገኘው በጓላ በተከፈተው ዘርአ ክህነት ተማሪዎችን አስተማሩ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትም አቡነ ያዕቆብን ረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መነኵሴ ብቻ ሆነው ከኖሩ በኋላ፣ በ1851 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ገደማ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ።

በ1854 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣና አቡነ ሰላማ ሲስማሙ ካቶሊካውያን ላይ መከራ መጣ። አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ከአቡነ ያዕቆብና ከሌሎች ጋር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ እርሳቸው በእስር ቀሩ። በቀጭኔ ጅራት ተገረፉ፤ እምነታቸውን ግን አልካዱም። ካሣ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ሠራዊቱ በሄደበት ሁሉ ሽማግሌው መነኵሴ በሰንሰለት ታስረው ይከተሉ ነበር። በሜይ 31 የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ባሉበት ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ ስለ እርሳቸው በተደረገው ልመና ግን ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሌላ እስር ቤት አልተሰጣቸውም፤ የሚጓዘው ሠራዊት ራሱ እስር ቤታቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲገሰግስ፣ በደዌና በድካም ተዳክመው እግረ ሙቃቸውን እንደ ታሰሩ በመንገድ ዳር ዐረፉ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነበር። የቀበሯቸውም ጠባቂዎቻቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ኦክቶበር 3 ቀን 1926 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን ዐወጁ። የአቡነ ያዕቆብ ዐፅም በሄቦ በክብር ሲጎበኝ፣ የጉዞ ጓደኛቸው መቃብር ግን የት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀርቷል።