ሰባኪው ራሱን ሲመረምር፦ የጆን ዌስሊ ሕይወት

ከእግዚአብሔር ፊት የሚሰወር የልብ ጓዳ የለም። ሰውን በአገልግሎታችንና በንግግራችን ማሳመን እንችላለን፤ ራሳችንንም እንኳ ማታለል እንችላለን። ሁሉን የሚያውቀውን ጌታ ግን ማታለል አይቻልም። ይህን እውነት በብዙ ትግል ከተማሩት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሰዎች አንዱ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ ነው።

ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1703 በእንግሊዝ አገር ኤፕዎርዝ በተባለች ቦታ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበር። እናቱ ሱዛና ደግሞ ልጆቿን በጸሎትና በእግዚአብሔር ቃል ኮትኩታ ያሳደገች ሴት ነበረች። በ1709 ቤታቸው በሌሊት በእሳት ሲጋይ የአምስት ዓመቱ ጆን በመስኮት ወጥቶ ከሞት ተረፈ። እናቱም ከዚያ ወዲህ ለዚህ ልጅ ነፍስ በተለየ ሁኔታ ለመትጋት ወሰነች።

በኦክስፎርድ ተምሮ በ1725 ዲያቆን፥ በ1728 ቄስ ሆነ። ከወንድሙ ከቻርልስና ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በመሆን ቃሉን ያጠና፥ ረቡዕና ዓርብ ይጾም፥ እስረኞችን ይጠይቅ፥ ድሆችን ይረዳ ነበር። እንዲህ ያለ ወጣት ዛሬ በአጥቢያችን ቢገኝ መሪ እንዲሆን ሁላችንም እጃችንን እናወጣ ነበር።

በ1735 በሰሜን አሜሪካ ወደነበረችው የጆርጂያ ቅኝ ግዛት በሚስዮናዊነት ተጓዘ። ከመሄዱ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ግን የጉዞው ዋና ምክንያት የራሱን ነፍስ የማዳን ተስፋ መሆኑን ገልጾ ነበር። ሌሎችን ሊያድን የወጣው ሰው ስለ ራሱ መዳን ገና እርግጠኛ አልነበረም።

ጥር 1736 በባሕር ላይ ሳሉ ኃይለኛ ማዕበል መርከቢቱን መታት። ዋናው ሸራ ተቀደደ፤ ውኃውም ወደ ውስጥ ገባ። እንግሊዛውያኑ በፍርሃት ሲጮኹ፥ በዚያው መርከብ የነበሩ ሞራቪያውያን የተባሉ ጀርመናውያን አማኞች ግን ዝማሬያቸውን አላቋረጡም። ዌስሊ በኋላ ከመካከላቸው አንዱን ሲጠይቅ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው እንኳ ሞትን እንደማይፈሩ ተረዳ። እርሱ ግን ፈርቶ ነበር።

ጆርጂያ እንደ ደረሰም ስፓንገንበርግ የተባለው የሞራቪያውያን መሪ ኢየሱስን ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ዌስሊ ኢየሱስ የዓለም መድኃኒት መሆኑን እንደሚያውቅ መለሰ። ሰውየው ግን የራሱ አዳኝ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ደግሞ ጠየቀው። ዌስሊ አውቃለሁ ብሎ ቢመልስም ቃሉ ባዶ እንዳይሆን መፍራቱን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። የሰጠው መልስ ሰውን ሊያረካ ይችል ነበር፤ የራሱን ልብ ግን አላሳረፈም።

የጆርጂያ አገልግሎቱ በጠብና በክስ ተጠናቀቀ። በ1738 መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፥ ሌሎችን ለመመለስ የሄደው እርሱ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንዳልተመለሰ በግልጽ ጻፈ። የተማረ ቄስና ሚስዮናዊ ይህን መጻፉ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡ! ነገር ግን እግዚአብሔር ይህን ያወቀው ዌስሊ ከመጻፉ በፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ጴጥሮስ ቦህለር የተባለ ሌላ ሞራቪያዊ ስለሚያድነው እምነት ከቅዱሳት መጻሕፍት አስረዳው። ግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት፥ በለንደን አልደርስጌት ጎዳና በነበረ ስብሰባ፥ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ዌስሊ ልቡ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ሲሞቅ ተሰማው። ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ ታመነ፤ ኃጢአቱም እንደተወሰደለት እርግጠኛ ሆነ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥርጣሬና ትግል ገጥሞታል። በሸመገለ ጊዜም የቀድሞ ማስታወሻውን ተመልክቶ፥ ከ1738 በፊት የነበረው እምነት የልጅ ሳይሆን የባሪያ እምነት እንደነበረ አመለከተ። ራሱን ሲመረምር አላጋነነም፤ አላድበሰበሰምም።

ከ1739 ጀምሮ በሜዳ ላይ እየሰበከ በፈረስ እንግሊዝን አዳረሰ። በ1741 በኦክስፎርድ ቆሞ ክርስቲያን ለመባል ጥቂት ብቻ የቀራቸውን ሃይማኖተኞች የሚመለከት ስብከት ሰበከ፤ እርሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት እንዲህ እንደኖረም ሳይደብቅ ተናገረ። በ1774 የባሪያ ንግድን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። መጋቢት 2 ቀን 1791 በ87 ዓመቱ ወደ ጌታ ሄደ።

ወገኖቼ፥ ጾም፥ ጸሎትና አገልግሎት መልካም ናቸው፤ ዌስሊም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተዋቸውም። ነገር ግን የመዳናችን መሠረት ሊሆኑ አይችሉም። በማቴዎስ 7 ጌታ ከፊቱ የሚያሰናብታቸው ሰዎች በስሙ ብዙ ያገለገሉ እንደነበሩ አንርሳ። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 ራሳችንን እንድንመረምር ያዘዘው የማያምኑትን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ነው።

ራሳችንን የምንመረምረው ግን ውስጣችንን ስናይ ለመቅረት አይደለም። ዌስሊ ሰላም ያገኘው ልቡ ንጹሕ ሆኖ ስላገኘው ሳይሆን፥ ዓይኑን ከራሱ አንሥቶ በክርስቶስ ላይ ስላሳረፈ ነው። ሁሉን የሚያውቀው አምላክ ኃጢአታችንን ሁሉ እያወቀ ልጁን ሰጥቶናል። ስለዚህ ከእርሱ መደበቅ ለምን ያስፈልገናል? ዛሬ መድረክ ላይ የምንቆም፥ የምንዘምር፥ የምናስተምር ሁሉ ያ ጥያቄ ለእኛም ነው፤ ኢየሱስ የዓለም አዳኝ ብቻ ነው ወይስ የእኔም? ጌታ በእውነት እንድንመልስ ይርዳን። አሜን።