አለቃ ገብረ ሐና፦ ከቀልዱ ጀርባ የነበሩት መምህር

ጎንደር ተምሮ የአለቃ ገብረ ሐናን አንድ ጨዋታ ሳይሰማ የወጣ ተመራቂ አለ ቢሉኝ አላምንም። በመኝታ ክፍል፣ በሻይ ቤት፣ ከረጅም ተረኛ ሌሊት በኋላ በሚጠጣ ቡና ላይ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰውየው ማን ነበሩ፣ ምን ተማሩ፣ ምንስ አስተማሩ ብንባል ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው። ለመገናኛ መጽሔታችን አንድ ነገር ጻፊ ስባል እሳቸውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ቀልዱን ለመደርደር አይደለም፤ እሱን እናንተው ከእኔ በላይ ትችሉበታላችሁ።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. ገደማ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ አካባቢ ተወለዱ። ፎገራ የጣና ዳር አገር ነው፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ በባሕሩ ዳር ደንገል ይበቅላል። ደንገሉንና ማዕበሉን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ እንደ ዘመኑ ተማሪ ከፊደልና ከዳዊት ጀምሮ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ተሻገረ። ያን ጊዜ ተማሪ መሆን ማለት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ ለምኖ መማር ነው። የምግብ ካርድ ጠፋብኝ ብለን ያማረርን ሁሉ ይህን ብናስብ ጥሩ ነው።

ቅኔ ቤት የሚሰጠው ትምህርት ግጥም መግጠም ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ብሎ ሌላ ነገር ማለት፣ ሌላው ያለውንም ፈትቶ ማግኘት ነው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በባዶው ቦታ ወርቅ ያፈስሳል። በቅኔም ላይ ላዩ የሚሰማው ሰሙ ነው፤ ሰሙ ሲቀልጥ የሚቀረው ወርቁ ነው። ሁለቱን የሚያያይዘው ደግሞ ኅብረ ቃል ይባላል፤ በአንድ መልኩ ሁለት ፍቺ የሚይዝ ቃል ነው።

ለምሳሌ አልጋ የሚለውን ቃል ውሰዱ። ንጉሡ ከአልጋው ወረደ ቢባል አንዱ ሰምቶ ንጉሡ ከእንቅልፉ ተነሣ ይላል፤ የገባው ግን መንግሥቱን እንዳጣ ይረዳል። ገና የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ በዓለ ልደት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ባለ ቅኔው እዚያች ክፍተት ውስጥ ይገባል። በእኛ ሙያ በየቀኑ የምንጽፈው በሽታ የሚለው ቃል እንኳ ለሁለት ሲሰበር በመሽተት፣ በሽታው አማካይነት ማለት ይሆናል። አበባውን ያወቅሁት በሽታ ነው የሚል ሰው ታሟል ወይስ አሽትቷል? ቅኔ ፈቺ መልሱን የሚያገኘው ቃሉን ሰብሮ፣ አጥብቆ፣ አላልቶና ገልብጦ ካየ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ የሚቀራረብ ጨዋታ አላቸው። በጋዜጣ ላይ አግድምና ቁልቁል የሚሞላው የቃላት እንቆቅልሽ ነው። ታይምስ የተባለው ጋዜጣቸው እንቆቅልሹን ማተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በከባዱ ዓይነት ፍንጩ ሲነበብ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወራ ይመስላል፤ በውስጡ ግን አንዱ ክፍል የመልሱን ትርጉም፣ ሌላው ክፍል ፊደላቱ የሚሰበሩበትንና የሚገጣጠሙበትን መንገድ ይዟል። ላይ ላዩን ያመነ ይሳሳታል። በዚህስ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ እነሱ መልሱን በማግስቱ አትመው ሲያወጡት፣ የእኛ ባለ ቅኔ በማኅሌት መካከል ቆሞ ይቀኛል፣ ሊቃውንቱም እዚያው ቆመው ይፈታሉ። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ለዛሬ መድገም ነውር ነው።

አለቃ ገብረ ሐና ከጎጃም የተመለሱት ይህን ሁሉ ይዘው ነው። ጎንደር ገብተው በበአታ ለማርያም አለቃ እስከ መሆን ደረሱ። በአታ የአቋቋም መምህራን መናኸሪያ ናት፤ እዚያ አለቃ መሆን በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ መቆም ነው። በቅኔ ቤት የሰላ አንደበት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ መንገድ ላይ፣ ግብር ላይ፣ ገበያ ላይ መዋል ጀመረ። ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው።

እስቲ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። አህዮች እየነዳ የሚሄድ ገበሬ አገኙና በብዙ ቁጥር ደህና ማደሩን ጠየቁት ይባላል። ገበሬው ከነቤተሰቡ የተጠየቀ መስሎት አመስግኖ አለፈ፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ከአህዮቹ ጋር መቆጠሩ ገባው። ይህ ለእኛ ሳቅ ነው፤ ለቅኔ ተማሪ ግን ትምህርት ነው። ወርቁ ያለው በአንዲት የግስ መድረሻ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ በሕዝቡ ጨዋታ ውስጥ አለቃ ሁልጊዜ አያሸንፉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ መልስ አሳጥተው የሚያስቀምጡባቸው ጨዋታዎች አሉ፣ እኔም እነዚያን ነው የምወዳቸው። ቅኔ የወንዶች ቤት ብቻ ነው ለሚለኝም ጎጃም ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩትን ዓይነ ስውሯን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እጠራለሁ።

አለቃ የኖሩበት ዘመን ቀላል ዘመን አልነበረም። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስመዘበሩ፣ አቃጠሉም። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ከተሸነፉ በኋላ፣ ከመተማ በኩል የመጣው ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። እኔ ከምሠራበት ከአብርሃ ጅራ መተማ ሩቅ አይደለም፤ ይህ ቆላ የዚያን ጊዜ ታሪክ ያለፈበት ምድር ነው። ደብር ሲቃጠል መጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ወንበሩም ይታጠፋል፣ መምህሩም ይሰደዳል። አለቃም ኋላ ወደ ሸዋ ወርደው በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከሚታወቁት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ።

አሁን ወደ ደንገሉ ልመለስ። አለቃ የጣና ማዕበል ሲመላለስ፣ ደንገሉም ከማዕበሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እያዩ አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይነገራል። ነባሩን የመቋሚያ አያያዝና የሰውነት እንቅስቃሴ ለውጠው ወደ ጎንና ጎን የሚፈስስ አደረጉት። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ላይ ቤትና ታች ቤት ብለው ሥርዓታቸውን ጠብቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከአባቶች ያልወረደ ነገር ማኅሌት ውስጥ አይገባም አሉ። ከሊቃውንቱ አፍ ጨዋታ ሲሰሙ የሚስቁት ሁሉ ለዚህ ሥራ ቦታ አልነበራቸውም።

አለቃ ያደረጉት ከተቃዋሚዎቹ ጋር መጨቃጨቅ ሳይሆን ማስተማር ነበር። ልጃቸውን ተክሌን አሠለጠኑ። ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግቶ ለተማሪዎች አስተላለፈው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙ የአባት ሳይሆን የልጅ ነው። ጎንደር በር የዘጋችበት ሥራ በደብረ ታቦር በኩል ዞሮ በመላ አገሪቱ ማኅሌት ገባ። አለቃ በ1898 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው አረፉ። የሳቸው ያልሆኑ ስንት ቀልዶች በስማቸው ሲነገሩ፣ የሳቸው የሆነው ትልቁ ሥራ ያለ ስማቸው ይዘመማል። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ሕይወታቸው ራሱ ቅኔ ሆኖ ቀረ፤ እኛም ከሰሙ ጋር ስንስቅ ወርቁን ሳንፈታው ኖርን።

ለሐኪም ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በሽተኛ ልቤን አመመኝ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራውን ነው፤ ወገቤን ሲል ሊነግረን ያፈረው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። እዚህ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ብሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ግን ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከከሳ፣ ጣፊያው ካበጠና የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ፣ ወባ የሚለው ቃል ሰሙ ነው፤ ወርቁ ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ከቀረ የሚገድል በሽታ ነው። የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ የሚሮጥ ተማሪ በቅኔ ቤት ቢበዛ ይሳቅበታል፤ በእኛ ቤት ግን ሰው ይሞታል። ለክፍል ተማሪዎች ታሪክ መቀበልን የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድ ቀን የቅኔ መምህር ጋብዛችሁ ብታስፈትቷቸው የሚከፋ አይመስለኝም። ከኮሌጃችን ደጃፍ ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ።

ለነባር መምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቆም አዲስ ነገር ነበር፤ ጤና መኮንን በየገጠሩ ልኮ ሕዝብ ማከም ይቻላል ብሎ የተነሣ ቤት ነው። አሁን እኛ ነን ነባሮቹ። ወጣት ባልደረባ ያልለመድነውን አሠራር ይዞ ስብሰባ ላይ ሲነሣ፣ እኛ በአታ ላይ ተቀምጠን እሱ ከጣና ዳር የመጣ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁሉም አዲስ ነገር ወርቅ አይደለም፤ ሳይፈቱ መመለስ ግን ከቅኔ ቤት ደንብም ውጪ ነው።

ለመገናኛችን ጎንደር የምትመጡ፣ ማኅሌት የቆመበት ደብር ካገኛችሁ ጥቂት ቆማችሁ እዩ። መቋሚያው እንደ ደንገል ወዲያና ወዲህ ሲል ካያችሁ የማን እንደሆነ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ቀልዱን ከዚያ በኋላ ታወሩላቸዋላችሁ።