ሰርጌይ ቪኖግራድስኪና ማዕድን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች

የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ከተዘጋ ከብዙ ዘመን በኋላም፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ የተጣለው ቁልል ብዙ ጊዜ ቡቃያ ሳያወጣ ይኖራል፤ ከሥሩ የሚፈሰውም ውሃ ኮምጣጣና ዝገት የመሰለ ነው። የዚህን መካንነት ምክንያት ለመረዳት መንገድ የጠረገው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ፣ የማዕድን መሐንዲስ አልነበረም።

ቪኖግራድስኪ በ1856 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በኪየቭ ተወለደ። በሴንት ፒተርስበርግ የፒያኖ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ያንን ትቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረ። በ1885 ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ፣ በዕፅዋት ሊቁ በአንቶን ደ ባሪ ቤተ ሙከራ፣ በድኛማ ምንጮች ውስጥ የሚኖሩትን ቤጊያቶአ የተባሉ ባክቴሪያዎች መረመረ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያገኙ በገላቸው ውስጥ የድኝ ቅንጣት ያከማቻሉ፤ ሲያጡም ያንኑ ድኝ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። በዚህ መሠረት በ1887 ሕያው ፍጡር ኃይሉን ከማዕድን ሊያገኝ እንደሚችል አስታወቀ። ቀጥሎም ወደ ዙሪክ ተሻግሮ፣ በ1890 አሞኒያን ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን የአፈር ባክቴሪያዎች አገኘ።

በ1891 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ኋላ ሳይንሱን ትቶ በርስቱ ላይ ተቀመጠ፤ የሩሲያ አብዮት ግን ለስደት ዳረገው። በ1922 የፓሪሱ የፓስተር ተቋም ሲጋብዘው፣ ዕድሜው 66 ሊሞላ የቀረበ ሰው ምርምሩን እንደገና ጀመረ።

በ1947 ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች በሚወጣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ብረትን የሚመገብ ባክቴሪያ መኖሩን ገለጡ። የብረትና የድኝ ውሁድ የሆነው ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል፤ ባክቴሪያዎቹም ይህን ሥራ በብዙ እጥፍ ያፋጥኑታል። ስለዚህ በቁልሉ ላይ ጥቂት አፈር መበተን ብቻ መሬቱን አያድነውም። አየርና ውሃ ወደ ፓይራይቱ እንዳይዘልቁ መከልከል፣ አሲዱን በኖራ ማብረድ ይገባል። ከዚያም ናይትሮጅን የሚያስገኙትና ናይትሬት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በአዲሱ አፈር እንዲራቡ፣ ተስማሚ ዕፅዋት ይተከላሉ። መሬቱን ያመከነውም የሚያለማውም ቪኖግራድስኪ ያስተዋወቀው ረቂቅ ሕይወት ነውና፣ የመሐንዲሱ ድርሻ አንዱን ገትቶ ሌላውን ማገዝ ነው።

ቪኖግራድስኪ በ1953፣ በ96 ዓመቱ፣ ለፓሪስ ቅርብ በሆነችው በብሪ ኮንት ሮቤር ዐረፈ።